ዋትሰን የሌለበት ሆምስ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከድሬዳዋና ከሐረር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ሰው የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው፣ ዓምዱን በሙሉ ለእርሱ ሰጥተነዋል። ሰውዬው እንግሊዝኛ ጸሐፊው አርተር ኮናን ዶይል በልብ ወለድ የፈጠረው መርማሪ፣ ሼርሎክ ሆምስ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «በከዚራ ከዛፎቹ ሥር ባለች አንዲት ሻይ ቤት ዘወትር ቅዳሜ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ የምንሰበሰብ ሰባት አንባቢዎች ነን። አርተር ኮናን ዶይል የጻፋቸውን የሆምስ ታሪኮች በሙሉ አንብበን ጨርሰናል። አሁን ከመካከላችን አንዷ ሌሎች ደራስያን ከዶይል ሞት በኋላ የጻፏቸውን የሆምስ ታሪኮች ይዛ መጣች። የቡድናችን ታላቅ የሆኑት የምድር ባቡር ጡረተኛ አባታችን ግን ‹ባለቤቱ ከሞተ በኋላ በስሙ የተጻፈ ሁሉ የሐሰት ምስክር ቃል ነው› ብለው መጽሐፉን ሊነኩት እንኳ አልፈለጉም። ወጣቶቹ ደግሞ አዲሶቹ ይበልጣሉ እስከ ማለት ደርሰዋል። ቅዳሜያችን እንዳይበተን ሰግተናል። እውነቱ ከማን ጋር ነው?» — ሰባቱ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ በመጀመሪያ አባታችን የቆሙለትን ነገር በሚገባ እንረዳላቸው። ዶይል ስለ ሆምስ የጻፈው 4 ረጃጅም ልብ ወለዶችንና 56 አጫጭር ታሪኮችን ነው፤ የመጀመሪያው በ1887፣ የመጨረሻው በ1927 ታተመ። በውጭ አገር ያሉ የሆምስ ወዳጆች እነዚህን 60 ሥራዎች የሚጠሯቸው ከቤተ ክርስቲያን በተወሰደ ቃል፣ እኛ ቀኖና በምንለው ቃል ነው። ለእኛ አንባቢ ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም፤ ሰማንያ አሐዱንና አዋልድ መጻሕፍትን ለይቶ ያደገ ሰው ነገሩን ወዲያው ይይዘዋል። አዋልድ ማለት ሴቶች ልጆች ማለት ነው። ከቁጥሩ አይገቡም፤ ከቤትም አይባረሩም። ገድሉም ድርሳኑም በየወሩ በዓል ይነበባል፤ ነገር ግን የሚመዘነው በእናቲቱ ሚዛን ነው። አዲሶቹን የሆምስ ታሪኮች እኔ የማያቸው እንዲሁ ነው፤ ልጆች ናቸው፣ የእናታቸው መልክ አለባቸው ወይስ የላቸውም ተብለው ይጠየቃሉ።

የሐሰት ምስክር የሚለውን ቃል ግን አባታችን እንዲያለዝቡት በአክብሮት እለምናቸዋለሁ፤ ምክንያቱም በሩን ከፍቶ የሄደው ዶይል ራሱ ነው። ዊልያም ጊሌት የተባለው አሜሪካዊ ተዋናይ በ1899 መድረክ ላይ የወጣውን የሆምስ ተውኔት ሲያዘጋጅ፣ ሆምስን ሚስት ላጋባው ወይ ብሎ ዶይልን ቢጠይቀው፣ ብታጋባውም ብትገድለውም የወደድኸውን አድርግ የሚል ምላሽ አገኘ። ከዚህም በላይ፣ በታሪኮቹ ውስጥ የሆምስ ወዳጅና ተራኪ የሆነው ዶክተር ዋትሰን ገና ያልነገረንን ጉዳይ ደጋግሞ ይጠቅሳል፤ ዓለም ለመስማት ገና አልተዘጋጀችም የተባለለት የሱማትራው ግዙፍ አይጥ አለ፣ የአንድ ፖለቲከኛ፣ የመብራት ማማና የሠለጠነ የውኃ ወፍ ነገር አለ። መዝገቦቹም ለንደን ውስጥ ቻሪንግ ክሮስ በሚገኝ ባንክ፣ ስሙ በክዳኑ ላይ በቀለም በተጻፈበት፣ በጉዞ ብዛት በተጎዳ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ እንደተቀመጡ ይነግረናል። ይህን ሣጥን አይቶ እጁ የማያሳክከው ጸሐፊ የት ይገኛል? የዶይል የገዛ ልጅ አድሪያን ከጆን ዲክሰን ካር ጋር ሆኖ በ1954 ያሳተማቸው 12 ታሪኮች የተቀዱት ከእነዚህ ሳይተረኩ ከቀሩ ጉዳዮች ነው፤ በ2011 ደግሞ አንቶኒ ሆሮዊትዝ በቤተሰቡ ወራሾች ይሁንታ አዲስ የሆምስ ልብ ወለድ አውጥቷል።

አሁን ወደ ወጣቶቹ ልመለስ። አዲሶቹ ይበልጣሉ ስትሉ በምን መዝናችሁ ነው? ብዙ ጊዜ እንደምታዘበው፣ አዲስ ታሪክ የሚወደደው ባለ ሁለት ጆሮ ቆቡ፣ ቆልማማ ፒፓውና ‹ውድ ዋትሰን፣ ይህማ ቀላል ነው› የሚለው ንግግር በየገጹ ስለሚገኙበት ነው። ቆቡን ያስለመደው ሲድኒ ፓጄት የተባለው ሠዓሊ ነው፤ ቆልማማው ፒፓ ከሆምስ ጋር የተያያዘው በጊሌት መድረክ ነው፤ ያ ንግግርም ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ በ60ዎቹ ውስጥ አንድም ቦታ የለም። እነዚህን ሰብስቦ የሚያለብሰን ጸሐፊ ልብስ ሰጠን እንጂ ሰውዬውን አልሰጠንም።

የእኔ ሚዛን ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው፣ ሆምስ ከመናገሩ በፊት እርሱ ያየውን ሁሉ እኔም አይቻለሁ ወይ የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ያስተማረኝ የተቀደደ መጽሐፍ ነው። የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ለገሀሬ አካባቢ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት የእንግሊዝኛ ቅጂ፣ የአንዱ ታሪክ የመጨረሻ ሦስት ቅጠሎች ተገንጥለው ወድቀውበት ነበር። ታሪኩ ስለ አንድ የጠፋ የእሽቅድምድም ፈረስና ሞቶ ስለተገኘው አሠልጣኙ ነው። ሁለት ወር ሙሉ፣ ሙቀቱ እንቅልፍ ሲከለክለኝ፣ መጨረሻውን በደብተሬ ላይ ራሴ እየፈጠርሁ ስጽፍ አመሽ ነበር፤ አንድ ማታ ጎረቤቱን፣ ሌላ ማታ ከከተማ የመጣውን እንግዳ እወነጅላለሁ። በኋላ ሙሉውን ቅጂ ከአንድ አስተማሪ ተውሼ ሳነብ ግን የደነገጥሁት በመፍትሔው አልነበረም። መፍትሔውን የወለደው ምልክት፣ ማለትም ውሻው በዚያ ሌሊት አለመጮኹ፣ በእኔ ጎደሎ ቅጂ ውስጥ፣ ጣቴ ደጋግሞ በዳሰሰው ገጽ ላይ ተጽፎ ስለነበረ ነው። ዶይል ምንም አልደበቀኝም ነበር። አዲስ ታሪክ ሳነብ የምጠይቀው ይህንኑ ታማኝነት ነው፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ ‹እናንተ ሳታዩ ከኪሱ ያነሣሁት ደብዳቤ ይኸውና› የሚል ሆምስ አንባቢውን አታልሏል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ የሚተርክልን ማን ነው የሚል ነው። ከ60ዎቹ ውስጥ ዋትሰን ያልተረካቸው አራት ብቻ ናቸው። ሁለቱን ሆምስ ራሱ ይተርካል፣ ሁለቱ ደግሞ ከውጭ በሚያይ ተራኪ ቀርበዋል። ሆምስ ብዕር በያዘባቸው በሁለቱ፣ ዋትሰንን ለዓመታት ስለ አጻጻፉ ሲነቅፈው የኖረው ያ ኩሩ ሰው፣ ሥራው እንዳሰበው ቀላል እንዳልሆነና ወዳጁ በኖረ ኖሮ ታሪኩ ምን ያህል በተዋበ እንደነበር ያምናል። እኔም እስማማለሁ፤ ሁሉን የሚያውቅ ሰው ራሱ ሲተርክ ማሰቡን ከእኛ መሰወር ግዴታ ይሆንበታል፣ የተሰወረ ነገር ደግሞ ያስኮርፋል። ዋትሰን ግን ከእኛ ጋር ያያል፣ ከእኛ ጋር ይስታል፣ ከእኛ ጋር ይገረማል። በዘመናችን ዋትሰንን አስወግደው ሆምስን ብቻ ያስቀሩ አዳዲስ ታሪኮች ሲያልቁ ቅር የሚያሰኙት፣ በእኔ እምነት፣ በዚህ የተነሣ ነው።

እንግዲህ ለመጪው ቅዳሜ የምመክራችሁ ይህን ነው። አዲሱን ታሪክ አንዳችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ሆምስ ነገሩ ገብቶኛል ከሚልበት ቦታ ላይ ስትደርሱ መጽሐፉን ዝጉት። እያንዳንዱ ሰው ያየውን ምልክትና የጠረጠረውን ሰው በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ለአባታችን ያስረክብ። መጨረሻው ከተነበበ በኋላ አባታችን ገጾቹን ወደ ኋላ እየገለጡ፣ ጸሐፊው ያቀረበው ማስረጃ አስቀድሞ በወረቀቱ ላይ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን ይፍረዱ። ዕድሜያቸውን በሙሉ የባቡር ሰዓት ከመዝገብ ጋር ሲያመሳክሩ ለኖሩ ሰው ይህ ወንበር ይገባቸዋል፤ የሐሰት ምስክርም ካለ የሚያጋልጡት እርሳቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ «በአንድ አዲስ ታሪክ ውስጥ ዋትሰን በብርድ ምክንያት የቆሰለ እግሩን ሲያመው አነበብን። ወንድሜ ቁስሉ ትከሻው ላይ ነው ብሎ ጸሐፊውን ስሕተተኛ አደረገው። እኔ ደግሞ እግሩ መሆኑን በዓይኔ አንብቤአለሁ።» — እኅትና ወንድም፣ ከመጋላ

መልስ፦ ሁለታችሁም በትክክል አንብባችኋል፤ የዘነጋው ዶይል ነው። በ1887ቱ ልብ ወለድ ዋትሰን አፍጋኒስታን ውስጥ በማይዋንድ ጦርነት በጥይት የተመታው ትከሻው ላይ ነው፤ በ1890 በወጣው በሁለተኛው ግን ቁስሉ ወደ እግር ወርዷል። በሌላ ታሪክም ጆን የሚባለውን ሰው ሚስቱ ጄምስ ብላ ትጠራዋለች። በ1911 ሮናልድ ኖክስ የተባለ ወጣት የኦክስፎርድ ምሁር የቅዱሳት መጻሕፍት ተመራማሪዎችን ስልት ለሆምስ ታሪኮች ተጠቅሞ ንግግር ካደረገ ወዲህ፣ እነዚህን መፋለሶች ማስታረቅ የወዳጆቹ ትልቅ ደስታ ሆኗል። የእኛ የአንድምታ መምህራን ቢሆኑ ‹አንድም ጥይቱ ሁለት ነው፤ አንድም ትከሻውን የመታው ጥይት ሲወድቅ እግሩን ነክቶታል› እያሉ ይፈቱት ነበር። ስለዚህ ወንድምዎ ጸሐፊውን ይቅር ይበሉት፤ እርስዎም ቢሆኑ በትከሻው አይጨክኑባቸው።

ጥያቄ፦ «በሐረር የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ ጀጎል ውስጥ ተወልጄ አድጌአለሁ። ሆምስ ሞቷል በተባለባቸው ዓመታት ወደ ሐረር እንደመጣ አድርጌ አንድ ታሪክ መጻፍ ጀምሬአለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ‹ምን አገናኘው?› እያሉ ሞራሌን ነክተውታል። በእርግጥ ሊሆን የማይችል ነገር ነው?» — መምህርቷ፣ ከሐረር

መልስ፦ ይሆናል፤ ሆምስ ለንደን ውስጥ ከሚኖርበት ከቤከር መንገድ ይልቅ ለሐረር የሚመች ክፍተት በ60ዎቹ ውስጥ ስላለ ይጻፉት። ሆምስ በስዊዘርላንድ ከራይከንባኽ ፏፏቴ ወደቀ የተባለው ሜይ 4 ቀን 1891 ሲሆን ተመልሶ ለንደን የታየው በ1894 ጸደይ ነው። በእነዚህ ሦስት ዓመታት ሲገርሰን በሚባል የኖርዌይ ተጓዥ ስም ቲቤትን እንዳየ፣ ፋርስን አልፎ መካን እንደጎበኘ፣ ከዚያም የሱዳኑን ገዥ ኸሊፋውን በካርቱም እንዳነጋገረ ለዋትሰን ይነግረዋል። ከመካ እስከ ካርቱም ባለው መንገዱ ላይ ምን እንዳደረገ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ባልደረቦችዎ ምን አገናኘው ሲሉዎት፣ ከጅዳ በመርከብ ወደ ዔደን፣ ከዔደን ወደ ዘይላ፣ ከዘይላ በግመል ወደ ሐረር ብለው ይመልሱላቸው። የምኒልክ ጦር ሐረርን የያዘው በ1887 መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሆምስም ለአንባቢ የተዋወቀው በዚያው ዓመት ነው። በመተማ ዐፄ ዮሐንስ ከወደቁ ጥቂት ዓመታት ብቻ ስላለፉ ግን ከሐረር በየብስ ወደ ኸሊፋው አገር አያሻግሩት፤ ወደ ባሕሩ መልሰው በሱዋኪን በኩል ይውሰዱት።

ጥቂት ወጥመዶችን አስቀድሜ ላመልክትዎ። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው የባቡሩ ሐዲድ በደረሰበት በ1902 ስለሆነ፣ እኔ የድሬ ልጅ ሆኜ ይህን ማለቱ ቢከብደኝም፣ ሆምስ በእኛ በኩል ሊያልፍ አይችልም። ገጣሚው አርተር ራምቦም በኤፕሪል 1891 ታሞ በቃሬዛ ሐረርን ለቆ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ማርሴይ ውስጥ ስላረፈ አይገናኙም፤ ዛሬ በስሙ የሚጎበኘው ቤትም ከእርሱ በኋላ የተሠራ ነው። ገዥው ራስ መኰንን ናቸው። ከሁሉ በላይ ግን፣ ዘመኑ የክፉ ቀን ዘመን ነው። ከ1888 እስከ 1892 የከብት እልቂቱ ያስከተለው ረኃብ አገሩን ሁሉ መትቶ ነበርና፣ በዚያ ወቅት ሐረር የገባ ሰው፣ ያውም ሁሉን የሚያይ ሰው፣ ያንን ሳያይ ቅመሙንና ቀለሙን ብቻ አይቶ ከተመለሰ አላምንዎትም። ጅቡንም ከተቻለ ይተውት፤ ጅብ የሐረር ቆብና ፒፓ ነው፣ የሚጽፍ ሁሉ ያነሣዋል።

ዋናው ችግርዎ ዋትሰን አለመኖሩ ነው። ያኔ ለንደን ውስጥ ወዳጁን ሞቷል ብሎ እያለቀሰ ነው። ስለዚህ ሌላ ዋትሰን ከሐረር ያስፈልግዎታል፤ እኔ ብሆን ከአንድ ቱርጁማን የተሻለ አላገኝም ነበር። ዐረብኛና አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሐረሪ የሚያውቅ፣ ከነጋዴዎች የለቃቀማት ፈረንሳይኛ ያለችው ሰው ይሁን። ምስክሩ ሁሉ የሚያልፈው በእርሱ አፍ ነው፤ ሰው የተናገረውን ቃል በቃል ሲያቀብል አንባቢውም በዚያው ቅጽበት ይሰማል፤ የምስክሩን ቃል ትርጉም ግን እርሱ ራሱ ላያስተውለው ይችላል። ሌባ በአውጫጭኝና በሌባሻይ ሲፈለግ አይቶ ያደገ ሰው፣ አንድ ረጅም ቀጭን ፈረንጅ መሬት ላይ ተደፍቶ አቧራ ሲመረምር ቢያይ የሚሰማው መገረም ከዋትሰን መገረም አያንስም።

ምልክት ካጡም አንድ ልስጥዎ፤ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ቢጠቀሙበት ደስ ይለኛል። በዘመኑ የምኒልክ ብር ገና አልተመታም፤ ሰው የሚገበያየው በማሪያ ቴሬዛ፣ በጠገራው ብር ነው። ንግሥቲቱ በ1780 ከሞተች በኋላ የተመታው ጠገራ ሁሉ፣ በየትኛውም ዓመት ይመታ፣ 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ ነው። እንግዲህ ሸዋ በር አጠገብ የሰፈረ አንድ እንግዳ ‹በቀይ ባሕር ጠረፍ ሃያ ዓመት የነገድሁ ነኝ› ይበልና ብሩ እንደተሰረቀ ለዳኛው ያመልክት። ብርህን ከሌላው ሰው ብር በምን ትለየዋለህ ሲባል፣ ‹በተመታበት ዓመት ነው፤ የእኔ አዲስ ነው፣ ዓመቱ ተጽፎበታል› ይበል። ቱርጁማኑ ይህን ሳያጎድል ይተርጉመው። ሲገርሰን ዝም ብሎ ከአንዲት የቡና ነጋዴ መቀነት ውስጥ አንድ ጠገራ ተውሶ፣ ከዳኛው ከረጢት አንድ፣ ከግመል ነጂው አንድ ጨምሮ፣ ሦስቱን በምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን ይደርድርና በማጉያ መነጽሩ ጎንበስ ብሎ ይያቸው፤ አንዱ ፊቱ ተልጦ ጠፍጥፏል፣ አንዱ በላብ ጠቁሯል፣ አንዱ ገና ያንጸባርቃል። ቱርጁማኑም በትከሻው ላይ አሻግሮ ሦስቱንም ቁጥሮች ያንብብ። ጠገራ ብር በእጁ ያልቆጠረ ሰው ብቻ ነው እንደዚያ የሚናገረው፤ ግለሰቡ ነጋዴ አልነበረም ማለት ነው። ማን እንደነበረና ለምን እንደመጣ ለእርስዎ እተወዋለሁ። አንባቢዎ ግን ምልክቱን ከሆምስ ጋር እኩል ይዞታል።

ሲጨርሱ ይላኩልን፤ የከዚራዎቹ ሰባት ሰዎች የመጀመሪያ አንባቢዎችዎ እንዲሆኑ እጠይቅልዎታለሁ።

ጥያቄ፦ «የሆምስን ታሪክ ወደ አማርኛ ተርጉሜ ባሳትም ፈቃድ ያስፈልገኛል?» — ተርጓሚ፣ ከሐረር

መልስ፦ በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት የሚጠበቀው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። ዶይል ያረፈው በ1930 ስለሆነ በዚህ ስሌት ዘመኑ በ1980 ተፈጽሟል፤ ረጅም ጊዜ ጠብቃ በያዘችው በአሜሪካም የመጨረሻዎቹ ታሪኮች በ2023 መግቢያ ነፃ ሆነዋል። ሌላ ሰው ወደ አማርኛ የመለሰው ጽሑፍ ግን የዚያ ሰው ድካም ነው፣ አይገለብጡት። በሕይወት ያሉ ደራስያን የጻፏቸውን አዳዲስ ታሪኮች በተመለከተም ጸሐፊውን ወይም አሳታሚውን በደብዳቤ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ «ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። አጎቴ ከሰባቱ ሰዎች አንዱ ነው፤ እኔም ቅዳሜ እንድመጣ ፈቅዶልኛል። በየትኛው ልጀምር?» — ከሳቢያን

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለህ፣ ልጄ። ዶይል በ1927 ከታሪኮቹ ውስጥ ዐሥራ ሁለቱን ምርጦች በቅደም ተከተል እንዲያወጣ በተጠየቀ ጊዜ አንደኛ ያደረገው፣ አንዲት ልጅ ከተዘጋ ክፍሏ ወጥታ ‹ዝንጉርጉር መቀነት› ብላ ጮኻ ስለሞተችበት ሌሊት የሚናገረውን ታሪክ ነው። በእርሱ ጀምር፤ ማታ፣ ቤተሰቡ ሲተኛ አንብበው። ሆምስ ክፍሉን ሲመረምር አብረህ መርምር፤ አልጋውን፣ ከጎኑ የተንጠለጠለውን የደወል ገመድና ከበላዩ ያለችውን ቀዳዳ በወረቀት ላይ ሥላቸው። ሥዕሉን ቅዳሜ ይዘህ ስትሄድ መጀመሪያ ለአባታችን አሳያቸው።